ዘጠኝ ቁጥር ላይ የሚቆሙት

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ነህ? ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንደምን ሰነበትክልኝ? አልፎ አልፎ የሚነሣብህ ወገብህ ተሻለህ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ትልቋ ልጅህ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ትንሹስ፣ የፊት ጥርሱ ወልቆ ነበር ያልከኝ፣ በቀለለት ወይስ እንደ አባቱ ፍንጭት ሆኖ ቀረ? እኔ ከመቆም ብዛት እግሬ ከማበጡ በቀር ደህና ነኝ። እማዬም አለች። የእሷን ነገር ግን በአንድ ቃል የምጨርሰው ስላልሆነ ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ።

ምን ነክቷት ደብዳቤ ጻፈች ብለህ መገረምህ አይቀርም። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩና ስለ ልጆቹ አውርተን ዘጋነው። አንተ ደግሞ ድምፄ ትንሽ ሰለል ሲል "በቃ በቃ፣ አታልቅሺ፣ በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ" ትልና አፌን ታስይዘኛለህ። ወረቀት ግን አያቋርጡትም። ስለዚህ አረፍ በልና እስከ መጨረሻው አንብበኝ። መፍረድም ካለብህ ጨርሰህ ፍረድብኝ።

መጀመሪያ የሰፈሩን ወሬ ልንገርህ። ሰፈራችን ቅርስ ሆነልህ! አትሳቅ፣ እውነቴን ነው። ያ ጣሪያው የሚያፈሰው፣ ግድግዳው የተላላጠው፣ አንተ "ከዚህ ጉድጓድ የሚያወጣኝ ማነው" እያልክ ያደግክበት ሰፈር አሁን ሰው ካሜራ አንጠልጥሎ የሚጎበኘው ቦታ ሆኗል። የማዘጋጃ ቤቱ የቅርስ ቢሮ ግድግዳ ለግድግዳ ክብ ክብ የቆርቆሮ ቁጥር ለጠፈ፤ ከአንድ እስከ ዐሥራ ሁለት። አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ደግሞ የታጠፈ ወረቀት ያድላሉ። ካርታ አለው፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር ሥር አጭር ታሪክ አለው። አስጎብኚ የሚባል ነገር የለም። የፈለገ ሰው ወረቀቱን ይዞ፣ በፈለገው ሰዓት፣ ቁጥሩን እየተከተለ በእግሩ ይዞራል፤ ቁጥሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ያነባል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ይሄዳል። ሰዉ ሁሉ በራሱ አገር እንደ ባዳ አፉን ከፍቶ ሲዞር ብታይ ትስቅ ነበር።

የእኛ ቤት ዘጠኝ ቁጥር ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል በቃል ልገልብጥልህ፤ "የሠራተኞች መኖሪያ። ሳይታደስ የቆየ የእንጨት በርና በእግር ብዛት የጎደጎደ የድንጋይ ደፍ። እዚህ ጋ ጥቂት ይቁሙ። ሰው ስለሚኖርበት እባክዎን አያንኳኩ።" ይህን የጻፈው ሰው ምን እንዳደረገ ቢያውቅ ብዕሩን ያስቀምጥ ነበር።

አንተ ከዚህ ላይ ሳይገባህ አልቀረም። ግን ስንት ዓመት ሆኖታልና ልድገመው። አባባ ሌሊቱን ሙሉ ዳቦ ሲጋግር አድሮ ቀን የሚተኛ ሰው ስለነበር፣ በዚያ ቤት በር ማንኳኳት እንደ ነውር ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ አናንኳኳም፣ አንጣራም። መጥተን ደፉ ላይ ዝም ብለን እንቆማለን፤ እማዬ በኮቴያችን ለይታ መቀርቀሪያውን ቀስ አድርጋ ትስብልናለች። አንድ ቀን ረስተህ ብታንኳኳ አባባ ከመኝታው ሆኖ "ማነው እንግዳው?" ብሎ ሳምንት ሙሉ "እንግዳው" እያለ የጠራህን መቼም አትረሳውም። አባባ ካለፈ በኋላም ልማዱ ከእኛ ጋር ቀረ። የሚያንኳኳ ከሆነ ጎረቤት ነው፣ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ሳያንኳኳ የሚቆም ከሆነ ግን የቤት ልጅ ነው። የቤት ልጆች ደግሞ ሁለት ብቻ ነን። እኔ የምመጣው ሲመሽ ነው። በቀን መጥቶ ደፉ ላይ ዝም ብሎ የሚቆም ማን ሊሆን ይችላል?

ጠዋት ወጥቼ ማታ ስለምገባ ጉዱን አላወቅሁም። አሁንም እዚያው ልብስ ንጽህና ቤት ነኝ፤ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ እውላለሁ። ማታ ስገባ የእማዬ ጉልበት አብጦ አገኘዋለሁ። ምን ሆነሽ ነው ስላት "ዕድሜ ነዋ" ብላ ታልፈኛለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! የነገረኝ ከፊት ለፊታችን ያለው ሰዓት ሠሪ ነው፤ ያ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሰው የሚያናግረው። አንድ እሑድ ጠራኝና "እናትሽን ያዢያት እንጂ፣ በቀን ሃያ ጊዜ በር ትከፍታለች፣ አንድ ቀን ደፉ ላይ ትወድቅና ሁላችንም እናለቅሳለን" አለኝ።

ሰዓት ሠሪው እንደነገረኝ ነገሩ እንዲህ ነበር። ጎብኚው መጥቶ ይቆማል። እማዬ ከውስጥ ኮቴው መቆሙን ትሰማለች። ግድግዳውን ይዛ፣ ወንበሩን ይዛ፣ መቀርቀሪያው ጋ ትደርሳለች። ዓይኗን ሞራው ሸፍኖት የሚታያት የሰው ጥላ ብቻ ነው። በሩን ከፈት አድርጋ ሁለት እጇን ዘርግታ የሰውየውን ፊት ትዳብሳለች። አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣት አሉ። አንዲት ወጣት ደግሞ እማዬ ስትስማት እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እማዬ ሁሉንም "ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ሌላ ሰው መስሎኝ ነው" ትላለች፣ ትዘጋለች፣ ወደ ወንበሯ ትመለሳለች። ገና ጉልበቷ ሳያርፍ ሌላ ኮቴ ይቆማል።

ማታውኑ ገብቼ ጮህኩባት። አዎ፣ እናቴ ላይ ጮህኩ፤ የኔን ምላስ ታውቀዋለህ። ሰዎቹ ጎብኚዎች ናቸው፣ ወረቀት ነው እዚህ የሚያቆማቸው፣ ምን አድርጊ ነው የሚሉሽ አልኳት። እማዬ አልተቆጣችም። "አውቃለሁ እኮ፣ ጅል አደረግሽኝ? ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል" አለችኝ። "ግን ከሃያው አንዱ እሱ ቢሆንስ? ዐሥራ ዘጠኙን ከፍቼ በሃያኛው ብሰንፍ፣ ያ ሃያኛው ደግሞ እሱ ቢሆን፣ ምን ይለኛል? እናቴ ቤት ስመጣ የሚከፍት አጣሁ ይበል?" አለች። ወንድም ዓለም፣ ለዚህ መልስ አንተ ካለህ ጻፍልኝ።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ የቅርስ ቢሮ ሄድኩ። ልጣላ ነበር የሄድኩት፣ ሰውየው ግን የሚጣሉት ዓይነት ሆኖ አልተገኘም። መነጽሩን አውልቆ ሁሉንም ሰማኝ። ሰምቶ ሲጨርስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እንዴት ያለ ታሪክ ነው! በሚቀጥለው እትም ዘጠኝ ቁጥር ሥር ልናስገባው እንችላለን፤ ልጇን የምትጠብቅ እናት ብለን።" ደሜ ፈላ። እናቴ ገና አላለፈችም፣ ታሪክ አታድርጓት፣ እሷ ደፍ አይደለችም፣ በር አይደለችም አልኩት። ሰውየው ቀላ፣ ይቅርታም ጠየቀኝ። በሳምንቱ ሠራተኞች መጥተው ቆርቆሮውን ነቀሉና ማዶ ባለው በደረቀው የቦኖ ውሃ ላይ ለጠፉት። ግድግዳችን ላይ አራት የምስማር ቀዳዳ ቀረ። እኔም ያን ቀን ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እማዬ ምንም አላለችም። በሁለተኛው "ሰዉ ምን ሆነ? ዝናብ ነው እንዴ ውጪ?" ትለኝ ጀመር። ኮቴው ያልፋል እንጂ አይቆምም። ቀኑን ሙሉ ወንበሯን ወደ በሩ አዙራ ትቀመጣለች፣ ማንም አይቆምም። ከዚያ አንድ ማታ፣ እራቷን ሳትነካ፣ "መጥቶ ነበር ማለት ነው" አለችኝ። ማን ስላት፣ "መጥቶ መጥቶ፣ እኔ እስክነሣ ቢዘገይበት፣ ተስፋ ቆርጦ ተመለሰ። ጉልበቴ ነው ያባረረው" አለች። አይደለም፣ ቁጥሩን ያስነሣሁት እኔ ነኝ ብዬ ነገርኳት። አልሰማችኝም። ከዚያ ወዲያ መብላት ተወች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ አየቻትና "በሽታ የለባትም፣ ምግብ ብቻ ትብላ" ብላኝ ሄደች። እንዴት አድርጌ እንደማበላት ግን አልነገረችኝም። በየቀኑ ከመቀመጫዋ ላይ ስትቀንስ አየኋት። ክንዷን ይዤ ሳስነሣት ሸሚዝ ያነሣሁ ያህል ነበር።

ተመልሼ ቢሮ ሄድኩ። ቁጥሩን መልሱልን አልኳቸው። ሰውየው አዘነልኝ፣ ግን አዲሱ ወረቀት ታትሞ ወጥቶ ነበር። ዘጠኝ ቁጥር አሁን ቦኖው ነው። ለምኜ ያስወሰድኩትን ለምኜ ላስመልሰው አልቻልኩም።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ባለፈው ወር በዕረፍት ቀኔ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እማዬ ወንበሯ ላይ እንዳሸለበች ትቻት ወጣሁ። ውስጤ ታፍኖ ነበር። ውጪው ያካፋል፤ ጃንጥላዬ ተሰብሯል፤ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን የአንተን ካፖርት ለበስኩ። "የምሄድበት ሙቀት ነው" ብለህ ትተኸው የሄድከውን ማለቴ ነው። እማዬ በየሳምንቱ ፀሐይ ስለምታሰጣው አንድ ብል አልነካውም። እግሬ ወደ መናኸሪያው ወሰደኝ። እዚያ አሮጌውን ወረቀት፣ የእኛ ቤት ያለበትን፣ መሬት ላይ ወድቆ አገኘሁትና አነሣሁት። እስቲ እነዚህ ሰዎች የሚያዩትን ልይ አልኩና ከአንድ ቁጥር ጀመርኩ። አርባ ሦስት ዓመት የኖርኩበትን ሰፈር በካርታ!

ታዲያ ስንቱን ልንገርህ። ሦስት ቁጥር የአባባ ዳቦ ቤት ነው። አሁን የስልክ ልባስ ይሸጥበታል። ወረቀቱ ስለ ምድጃው ጡብ ብዙ ይላል፤ እዚያ ምድጃ ፊት ሠላሳ ዓመት ስላደረው ሰው አንዲት ቃል የለውም። አምስት ቁጥር ደረጃው ነው፤ ሠላሳ ስምንት ነው ይላል፣ ቆጠርኩት፣ ሠላሳ ሰባት ነው። ስድስት ቁጥር ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። የቆዳ ፋቂዎቹ ግድግዳ ላይ ያለውን ጥቁር ጠባሳ "የጥንት ቃጠሎ ምልክት" ብለውታል። አንተ ጎማ አቃጥለህ አባባ በቀበቶ ያሯሯጠህ ነው እኮ! ጥንት ሆነሃል ማለት ነው ወንድሜ። አንድ ባልና ሚስት አጠገቤ ቆመው ጠባሳውን በአክብሮት ፎቶ ያነሡ ነበር። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ስምንት ቁጥር ጋ ስደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። ወረቀቱን ሳየው፣ መስመሩ ከመናኸሪያው ተነሥቶ፣ በዳቦ ቤቱ፣ በደረጃው፣ በትምህርት ቤቱ አልፎ እኛ በር ላይ የሚደርስ ነው። አንተ ከአውቶቡስ ወርደህ ብትመጣ የምትመጣበት መንገድ ነው። ያን መንገድ የአንተን ካፖርት ለብሼ እየሄድኩበት ነበር፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ግን ልብ አላልኩትም።

በሩ ጋ ደረስኩ። ደፉ ላይ ቆምኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ልዋሽ አስቤ አልነበረም። አንድ ኮቴ በሯ ላይ ይቁምላት፣ አንዴ ትነሣ፣ "ሌላ ሰው መስሎኝ ነው" ብላ ትመለስና አንድ ጉንጭ ሾርባ ትጠጣ ብዬ ነው። ቆምኩ። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። እጇ ግድግዳውን እየዳሰሰ ሲመጣ ሰማሁ። መቀርቀሪያው ተሳበ። እጇ መጀመሪያ የነካው የካፖርቱን ኮሌታ ነው። ከኮሌታው ወደ ቁልፉ፣ ከቁልፉ ወደ ኪሱ ወረደ። ትቶት የሄደውን ካፖርት ለብሶ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው የለም፤ እሷ ግን ያን አላሰበችም፣ ወይም ልታስበው አልፈለገችም። "መጣህ?" አለችኝ።

እኔ ነኝ እማዬ ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። አልወጣልኝም። "አዎ" አልኳት። ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ጎርንኖ ነበር፤ ድምፄም ከዳኝ።

አስገብታ አስቀመጠችኝ። አላለቀሰችም፣ እልልም አላለች። ልክ አሁን ከትምህርት ቤት የተመለስክ ይመስል "ረጥበሃል" አለች። ከዚያ እጄን ይዛ መዳፌን በአውራ ጣቷ እያሸች "ምነው እጅህ እንዲህ ሻከረ? ምን ዓይነት ሥራ ነው የሚያሠሩህ? ይህስ ምን አቃጠለህ?" አለች። ካውያው የጠበሰኝ ቦታ ነው። ወንድም ዓለም፣ እዚያ ካውያ ፊት ከቆምኩ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ከእሷ ጋር በአንድ ክፍል ስኖር፣ ሳጥባት፣ ሳበላት፣ አንድ ቀን እጄን ይዛ ምን አቃጠለሽ ብላኝ አታውቅም። ያን ጥያቄ ለመጠየቅ ወንድ ልጅ መሆን፣ ርቆ መሄድ፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት መጥፋት ያስፈልጋል ለካ! ቀናሁብህ። ቅናት ብቻ አይደለም፣ ጠላሁህ። እናቴ እጄን እየሳመች እኔ አንተን እየጠላሁ ተቀመጥኩ።

ቀጥላ ስለ እኔ ነገረችኝ። "እህትህን አደራ" አለች። "ምላሷ ነው እንጂ ክፉ አይደለችም። በኔ ምክንያት ሳታገባ፣ ሳትወልድ ቀረች። አንድ ቀን ተባረኪ ብያት አላውቅም። ብላት ልሞት የተሰናበትኳት ይመስላትና ትደነግጣለች ብዬ ነው የተውኩት። አንተ ንገርልኝ።" እንባዬ እጇ ላይ ዱብ ዱብ ሲል "አንተ ድሮም አልቃሻ ነህ፣ እሷ ናት ወንዱ" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሾርባ አምጣልኝ አለች። ጨርሳ ጠጣችው። ዳቦም በላች። ትንሽ ቆይታ "በል አሁን ሂድ፣ መኪናው እንዳያመልጥህ። ልጆችህን ሳምልኝ" ብላ እሷው ራሷ በሩ ድረስ ሸኘችኝ።

ሰዓት ሠሪው ጥላ ሥር ቆሜ ካፖርቱን አወለቅሁ። ሰውየው ሁሉንም አይቷል፤ ያን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ሰዓቶቹ ተመለሰ። ልቤ ሲረጋጋ እንደ ራሴ ሆኜ ገባሁ። ፊቷ በርቶ "አልተገናኛችሁም? ወንድምሽ አሁን እኮ ነው የወጣው" አለችኝ። መንገድ ላይ አገኘሁት አልኳት። ምን እንደነገረኝ ጠየቀችኝ። ተባረኪ ብላሻለች አለኝ አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንዳንዴ እኔ መሆኔን ያኔም አውቃ ነው እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ እንዲያ ብዬ ራሴን ማታለሌ ነው እላለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ የጉልበቷ እብጠት ጎድሏል። ወንበሯን ከበሩ ወደ መስኮቱ አዙራዋለች። ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ መጥቶ ሄደ፣ እግዜር ይስጠው" ትላለች፤ ጎረቤቱም እኔን እያየ "እንኳን ደስ ያለሽ" ይላታል። አሮጌውን ወረቀት የያዘ ጎብኚ አሁንም አልፎ አልፎ መጥቶ ደፋችን ላይ ይቆማል። እማዬ አትነሣም። "ጎብኚ ነው፣ ያልፋል" ትላለች።

ይህን ነው በስልክ ልነግርህ ያቃተኝ። አንተ ልትመጣ የምትችላትን አንዲቷን መምጣት እኔ ወሰድኩብህ። ይቅር በለኝ። ደግሞ በጣም ይቅር አትበለኝ፤ ላም አለኝ በሰማይ እያልክ ዐሥራ ሰባት ዓመት ያኖርካት አንተ ነህ። የመኖሪያ ወረቀቴ እስኪስተካከል አልክ፣ ቤቱ እስኪገዛ አልክ፣ ልጆቹ እስኪያድጉ አልክ። እናት በቀጠሮ የምትቆይ መሰለህ? ና ብዬ ልጽፍልህ ስንት ጊዜ ብዕሩን አነሣሁ። ብትመጣ ግን ምን ብዬ ላስገባህ ነው? ይኸውልሽ እውነተኛው ልጅሽ ብላት ያንን የሳመችውን ልጅ እገድልባታለሁ። ዝም ብል አንተ በገዛ እናትህ ቤት እንግዳ ልትሆን ነው። ምከረኝ፣ አንተ ታላቅ ነህ። እኔ ጨንቆኛል፣ በጣም ነው የጨነቀኝ።

ለባለቤትህ ጤና ይስጥልኝ በልልኝ፤ ያላየኋት እህቴ ናት። ትልቋን ልጅህን ግንባሯን ሳምልኝ፣ ጎበዝ በርቺ በልልኝ። ትንሹን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ፤ አክስትህ በምላሷ የታወቀች ናት ብለህ እንዳታስፈራራው። ሰዓት ሠሪው ሰላም ብሎሃል። እማዬን ለወንድሜ ልጽፍለት ነው፣ ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኋት። "ምን ትይዋለሽ፣ ያለኝን ሁሉ ነግሬው አይደል የሄደው" አለችኝ።

እህትህ
ከእናታችን ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ ጥር 23 ቀን